የሸራ ሰፊዋ ክርን

መተማ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂድ ሙኽታር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒዱን በደስታ እንዳሳለፍክ ተስፋ አለኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ዘንድሮ ድንጋይ ያበስላል። ልጄ ኢኽላስም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው እሷ ናት። ኔትወርክ በመጣ ቀን ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አልደውልልህም፤ ሱቅ ውስጥ ስልክ ሳወራ ግማሽ ገበያ ሥራ ፈትቶ ያዳምጠኛል።

ራሴ የማልጽፍልህ ቀኝ እጄ እስክሪብቶ አልይዝም ስላለኝ ነው። ከክርኔ በውጭ በኩል ጉብ ካለው አጥንት ይጀምርና እስከ አንጓዬ ያቃጥለኛል። ብርጭቆ አነሳለሁ፣ ይወድቃል። ቁልፍ አዞራለሁ፣ እንባዬ ይመጣል። ሥራዬን ታውቃለህ። ባሌ፣ አጎትህ አብዱረሕማን፣ ከሞተ ጀምሮ ሰሊጥ የሚወቃበትን ሸራ የምቆርጠውም የምሰፋውም እኔ ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ የባለ እርሻው ሁሉ ትራክተር ደጄ ይቆማል። ያን ጊዜ መቀሱ እምቢ ካለኝ አለቀልኝ።

ወጌሻው አሽቶ አሽቶ ሲደክመው «ጅማትሽ ዞሯል» አለኝ። ቀጥሎ በጋለ ብረት ተኮሰኝ። አሁን ክርኔም ያመኛል፣ የተተኮስኩበትም ያመኛል። እዚያ ዶሐ፣ ክሊኒካችሁ ውስጥ ሀብታሞቹን የምትቀቧቸውን ቅባት ላክልኝ።

አባትህ እንዳይሰማ። ሱቁ በሁለቱ ወንድማማቾች፣ በባሌና በእሱ ስም ነው፤ ሙኽታር ደግሞ እጄ የሚዝልበትን ቀን ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው። አባትህ ስለሆነ አልዋሽህም።

አክስትህ ዘሀቢያ


ዶሐ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዘሀቢያ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዐፊያ ይስጥዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሳበቃ አፍሬ ስልኬን ደፋሁት። በጋለ ብረት! በዚህ ዘመን! ከእኔ ጋር የሚሠሩት ሰዎች ቢሰሙ ከየት አገር እንደመጣሁ እንደገና ይጠይቁኝ ነበር።

ጅማት አይዞርም፣ አክስቴ። አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ሁሉ በአንድ ጅማት ክርንዎ ላይ ካለው አጥንት ጋር ተጣብቀዋል። እጅ አንድ ዓይነት ሥራ ሲደጋግም ያ ጅማት ይጎዳል። በሽታው «የቴኒስ ክርን» ይባላል። እኔ በምሠራበት የስፖርት ክሊኒክ በየዕለቱ የምናየው ነገር ነው።

ቅባት አልልክም፤ ያላዩትን ነገር መቀባት የወጌሻ ሥራ ነው። መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታዩ። ሸሕዲ ከተማ ማሽኑ ያለው ክሊኒክ አይጠፋም። ለሆድ የሚጠቀሙበትን ክቡን ሳይሆን ጠፍጣፋውን መሣሪያ ይጠቀሙ በሏቸው። ጤነኛውንም ክርን ያሳዩ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ሲተያይ ነው ጉዳቱ የሚለየው። እርስዎ ይህን ሁሉ ማስታወስ ስለሚከብድዎ ኢኽላስ በወረቀት ትያዝልዎ።

ልጅዎ ሳጂድ


መተማ ዮሐንስ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከኩራትም ጭምር።

ቴኒስ ማለት እነዚያ ነጭ ቁምጣ ለብሰው ኳስ በመረብ ላይ የሚያመላልሱት ናቸው አለችኝ ኢኽላስ። በሕይወቴ ኳስ ይዤ አላውቅም። በማላውቀው ሰው በሽታ ተያዝኩ ማለት ነው። እነሱ ለጨዋታ ያገኙትን እኔ ለእንጀራ ካገኘሁት፣ ስሙን የሰጣችሁት ሰዎች ሸራ ሲቆረጥ አይታችሁ አታውቁም። እኔ የሸራ ክርን ብዬዋለሁ።

አልትራሳውንድ ያልከውን ደግሞ አሰብኩበት። አገርህን ረስተሃል። እዚህ አልትራሳውንድ የምትገባ ሴት አንድ ነገር ብቻ ነው ያላት፦ እርግዝና። እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ሰው ምን ይላል ብለህ ታስባለህ?

ግን እሄዳለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ለአንዱ የቋራ ገበሬ ሸራ ስቆርጥ መቀሱ ከእጄ ወደቀና ቁርጡ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። ሰውየው መቀሱን አንስቶ ሰጠኝ። ማንሳቱ ነው የገደለኝ። አባትህ ከፊት ለፊት ሱቅ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ማየት አለማየቱን አላወቅሁም። ጎንበስ ብዬ የወደቀ መርፌ የምፈልግ መሰልኩ።

አክስትህ


ዶሐ፣ ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ዐረፋውን በሰላም ያድርስዎ።

የሰው ወሬ ጅማት አያሳብጥም፣ ጅማትም አይጠግንም። ይሂዱ። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ የታማሚ ምስጢር መጠበቅ የሙያዬ ሕግ ነው። ውጤቱን ለእኔ ይንገሩኝ፤ ከእኔ አያልፍም።

ለመሆኑ በዚህ ክረምት የሸራ ትእዛዝ በዝቷል? ሱቁን ከእርስዎ ሌላ የሚይዝ ሰው አለ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሳጂድ


መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳጂድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዐረፋው አልፎ መንገዱ ሰላም ሆኖ ሲከፈት በሚኒባስ ሸሕዲ ወረድኩ። የክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነፍሰ ጡር ነው። ሻሼን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ መሐላቸው ተቀመጥኩ። አላህ የጻፈው አይቀርምና ከሰው ሁሉ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? ውባንች! ያቺ በራፌ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው። ምራቷን ልታስመረምር መጥታ።

«ዘሀቢያ!» አለችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ ዝም ልበል?»

«ዝም ማለት የምትችይ ከሆነ ሞክሪው» አልኳት።

መርማሪው ቸሩ የሚባል ልጅ ነው። አልጋው ላይ ስወጣ «እናቴ፣ ልብስዎን ከፍ ያድርጉ» አለኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ሆድዎን ነው ያልኩት» አለ። «ሆዴ ምን በደለህ? የታመመው ክርኔ ነው» ብዬ ኢኽላስ የጻፈችውን ሰጠሁት። ሳቀና መልሶ አፈረ። ክርን አይቶ እንደማያውቅ ደብቆ አላታለለኝም፤ ጎንደር ላለ አስተማሪው ደወለና ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ይዞ ሠራ። ያን ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ቀባኝ። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን አየ። የግራዬ ጅማት በስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ነው። የቀኜ አብጧል፣ መሐሉ ጠቁሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል። ዙሪያውን ቀይ ቀይ ነጠብጣብ አሳየኝና «አዲስ ደም ሥር ነው፣ ጅማቱ ልጠገን እያለ ነው» አለኝ። ይህን ሁሉ ከእኔ፣ ከኢኽላስና ከቸሩ ሌላ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ውባንች ከእኔ ቀድሞ በሄደው ሚኒባስ ገብታ ነበር። እኔ መተማ ስደርስ ወሬው ሱቄን ከፍቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል ብያቸው መጋረጃዬን ጣልኩ።

አክስትህ


ዶሐ፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ያልኩት ሆነ ማለት ነው። ለሸሕዲ ልጅ ጥሩ ሠርቷል።

አሁን መቀስ አይነካም። ሦስት ወር። ጎንደር ሄደው የመርፌ ሕክምናውን ይጀምሩ። መርፌው ጅማቱ ውስጥ ሲገባ በአልትራሳውንድ እያዩ የሚወጉ ይሁኑ፤ በግምት የሚወጋ ሰው ወጌሻ ነው፣ ነጭ ልብስ ለበሰ እንጂ። ሌላ የአልትራሳውንድ ማሽን ደግሞ አለ፤ እሱ አያሳይም፣ በድምፅ ሞገድ ጅማቱን ያሞቃል። ብዙ ተስፋ አይጣሉበት። ዋናው የእጅ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ስለሚሰለቸው አይሠራውም፣ እርስዎም እንደዚያው እንዳይሆኑ።

ሱቁ እንዳይዘጋ ለጊዜው የሚይዝ ዘመድ ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ሳጂድ


መተማ ዮሐንስ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳጂድ ሙኽታር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ስለሆነ አልነፍግህም።

ባለፈው ዓርብ ከሶላት በኋላ አባትህ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ። አንጥፌ አስቀመጥኳቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጄ ዘሀቢያ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ በገበያ የሚወራውን ሰምተናል። እውነቱን ከአንቺ እንስማ ብለን ነው» አሉ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን ከነጠባሳው አሳየኋቸው። «የተመረመርኩት ይሄንን ነው» አልኩ። ሽማግሌው አፍረው መሬት መሬት አዩ። ወሬው እዚያው ሞተ። ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ አባትህ ፈገግ አለ። «እኔማ አውቃለሁ፤ እርግዝና ነው ያለው ማነው?» አለ። «ጅማቷ ተሰንጥቋል። ሦስት ወር መቀስ መንካት የለባትም። ልጄ ነው የነገረኝ፣ የተማረው ልጄ። ለእሷው ብዬ ነው፤ እስኪሻላት ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ «አየሽ፣ የሚያዝንልሽ ዘመድ አለሽ» ብለው መረቁ። ምን ልበል? አልታመምኩም ልበል? ክርኔን በገዛ እጄ ገልጬ አሳይቻቸው! ኢኽላስ «ሦስት ወር ሙሉ እናቴ ምን ልትበላ ነው?» ብትል አባትህ «ኸላስ፣ መቀስ መያዝ ለወንድ ምን ይከብዳል? ለእናንተም ይተርፋችኋል» አላት። የሱቁን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ ያወረደው ራሱ ነው።

ከእኔ አያልፍም ብለኸኝ ነበር። ሕግ አለን ብለኸኝ ነበር። ወጌሻው ቢያንስ ሲተኩሰኝ ብረቱን አሳይቶኛል። አንተን ንቄሃለሁ፣ ሳጂድ። ይህንን ቃል ኢኽላስ መጻፍ አልፈለገችም፤ ጻፊው ብያት ነው።

ጎንደር እሄዳለሁ። አንተ ስላልከኝ አይደለም። እጄን ስለምፈልገው ነው።

ዘሀቢያ


ዶሐ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በሥራ ብዛት መልስ አዘገየሁ። ለአባቴ የነገርኩት ለጤናዎ ተጨንቄ ነው። ሱቁ ከቤተሰብ አልወጣም። በስሜት የሚያዩት ነገር ሲረጋጉ በሌላ ዓይን ይታይዎታል። አባቴ ሥራው ጥሩ ሆኖለታል፤ «እሷ ይህን ያህል የምታማርርበት ሥራ ለእኔ ጨዋታ ነው» ብሎ ሳቀ። ምክር ይሁንዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።

የሕክምናውን ሂደት ይጻፉልኝ፤ በሙያ ይረዳኛል።

ሳጂድ


ጎንደር፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳጂድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በሙያ ይረዳኛል ስላልክ እጽፍልሃለሁ፤ ሌላ የሚረዳህ ነገር ያለ አይመስለኝም።

መርፌውን ሲወጉኝ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። መርፌው ገብቶ የተሰነጠቀውን ቦታ ሲነካካው በገዛ ዓይኔ አየሁት። እጄን አደንዝዘውት ስለነበር ሥራው የሌላ ሰው እጅ ላይ የሚደረግ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ያ የሚያሞቀው ማሽን ተጀመረ፤ እንደ ሻይ ጀበና ለብ ይላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አላየሁበትም። በዚህኛው አልዋሸኸኝም።

የሚያድነው ኮዳው ነው። ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ኮዳ እይዝና ክንዴን ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ አንጓዬን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደርጋለሁ። በግራ እጄ መልሼ አነሳለሁ፤ እንደገና ዝቅ። የሚያስጠላ፣ የሚያሰለች፣ የሚያም ሥራ ነው። ይሰለችዎታል ብለኸኝ ነበር። ስሰለች «ለወንድ ምን ይከብዳል» ያለው ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ጨምሬ እሠራለሁ።

ትናንት ብርጭቆ አነሳሁ። አልወደቀም። ኢኽላስ አለቀሰች፣ እኔ ሻዬን ጠጣሁ።

ዘሀቢያ


ዶሐ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጅግ የተከበሩት፣ ለእናቴ ያህል ለማያቸው አክስቴ ለወይዘሮ ዘሀቢያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጥላዎ ከላያችን አይነሳ። መተማ መመለስዎን ሰምቼ እጅግ ደስ አለኝ።

አክስቴ፣ አባቴ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ስልክ እምብዛም አያነሳም። ሲያነሳም በግራ እጁ መያዙን ድምፁ ይነግረኛል፤ ስልኩ ይወድቅበታል። ጎረቤት ጠይቄ ነው የሰማሁት። ወጌሻ ዘንድ ተደብቆ ሄዷል። ተተኩሷል። ሸሕዲ ሂድና በአልትራሳውንድ ታይ ስለው «ከነፍሰ ጡር ጋር ልሰለፍ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም።

እርስዎ ቢሉት ይሰማል። እባክዎ ይውሰዱት። ሰው እንዳይሰማ ደግሞ አደራ፤ በሽማግሌዎች ፊት የተናገረው ነገር አለና ቢታወቅ አንገቱን ይደፋል።

በፊትዎ የማላፍር አይደለሁም።

ልጅዎ ሳጂድ


መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳጂድ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ጽሕፈቱ ቢያስጠላህ ታገሠኝ፤ ኢኽላስ አይደለችም፣ በቀኝ እጄ የምጽፈው እኔው ነኝ።

አባትህ የሰሊጥ አጨዳው በደረሰ ጊዜ ከንጋት እስከ መግሪብ ሶላት ሸራ ቆረጠ። እኔ ስቆርጥ በየመሐሉ መስፋት ነበረብኝ፤ እሱ መስፋት ስለማይችል መቁረጥ ብቻ ሆነ። ወንድ ነው አላረፈም። የመጨረሻዎቹ ሸራዎች እንዴት እንደተጣመሙ ብታይ! ከሳንጃ የመጣ ገበሬ ሸራውን ዘርግቶ «ይሄን የቆረጠው አይጥ ነው?» ሲል በራፉ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። ለደቂቃ ያህል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አልደብቅህም።

ከዚያ አባትህ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተያየን። መቀሱን በሁለት እጁ ነበር የያዘው። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ።

ሸሕዲ ወሰድኩት። አግዳሚው ላይ ነፍሰ ጡሮቹ መሐል አስቀመጥኩት፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሲስቁ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ቸሩ እኔን ሲያይ «እናቴ፣ ደግሞ ተመለሱ?» አለኝ። «ዛሬ ባለ ተራው እሱ ነው» አልኩት። ከሦስታችን በቀር የሰማ የለም። እንደ እኔው ነው፤ አብጧል፣ ጠቁሯል፣ ስንጥቁ የእሱ ይሰፋል። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሱቁን ቁልፍ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ሸራውን መሬት ላይ ዘርግተን በስለት ነው የምንቆርጠው፣ ከኢኽላስ ጋር እየተፈራረቅን።

ሰው እንዳይሰማ አደራ ብለኸኛል። የእኔን ክርን አንተ ለአባትህ ነገርክ። የአባትህን ክርን እኔ ለማን ልንገር? ውባንች ሽንኩርቷን ይዛ በራፌ ላይ ናት። ሽማግሌዎቹ በየዓርቡ በዚህ ያልፋሉ። ገበያው ሙሉ ጆሮ ነው።

ኮዳውን አስተምሬዋለሁ። ቤቱ አይሠራውም፣ ይሰለቻል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ዓይኔ ሥር፣ ሱቄ በራፍ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ኮዳውን ዝቅ ያደርጋል፣ በግራው ያነሳል፣ ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። ሰው ቆሞ ሲያየው «ውሃ ልጠጣ ነው» ይላል።

እኔም ቀና ብዬ «ጠምቶት ነው» እላለሁ።

አክስትህ ዘሀቢያ